በጎቹ የመሰከሩበት ቀን

የሰደበው የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው። የሰደበውም ድልድዩን ጎርፍ በወሰደው ዓመት፣ የበግ ጠጉር በሚሸለትበት ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሰውን ሁሉ ከአንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባጎረበት ሰዓት ነው። ወንድምየው የመንደሩ ሸላች ነው፤ ከበሩ በስተቀኝ ቆሞ የመሸለቻ መቀሱን በሱሪው ጭን ላይ ይጠርግ ነበር። ተሰዳቢው ይህን ሁሉ ያስታውሳል። ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን ለስድቡ መንገድ የጠረገው የገዛ አፉ መሆኑ ነው። ሰው ሲሳሳቅ አይቶ እሱም የድርሻውን ሊያዋጣ፣ «ትናንት ጉሙ መሃል መንገዱ ጠፍቶኝ፣ በጎቹን ተከትዬ ቤቴ ገባሁላችሁ» ብሎ ጀመረ። ወሬውን ሊቀጥል ነበር፤ ሸላቹ ግን ቀና እንኳ ሳይል፣

«ድሮስ አንተ መቼ በግ ትጠብቃለህ? እነሱ ናቸው አንተን የሚጠብቁህ» አለ።

ቆርቆሮው እስኪርገበገብ ተሳቀ። ሚስቱ ሳትቀር ሳቀች፤ ጭኗ ላይ የተቆለለውን ጠጉር አቅፋ፣ ፊቷን ጠጉሩ ውስጥ ደብቃ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ምን ያድርግ?

ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙ «ተጠባቂው» ሆኖ ቀረ። ወፍጮ ቤት ተራ ሲይዝ «የተጠባቂው ጆንያ የቱ ነው?» ይባላል። ስብሰባ ሲገባ «ለተጠባቂው ጠጋ በሉለት» ይባላል። የሚጠሩት ሰዎች በክፋት አልነበረም፤ ግማሾቹ ስሙ ከየት እንደመጣ እንኳ አያውቁም። ሸላቹ ራሱ በማግስቱ ረስቶታል። አንጀቱን የሚያሳርረውም ይኸው ነበር። ሰው እንዴት የሌላውን ሰው ስም ቀይሮ፣ እጁን ታጥቦ፣ እራቱን በልቶ ይተኛል?

ለስድቡ መልስ አላጣም። መልሱ የመጣለት ግን ሰንብቶ፣ ብቻውን እንጨት ሲፈልጥ ነው። «እኔን እንኳ በጎቼ ይጠብቁኛል፤ አንተን ግን የገዛ በጎችህም ትተውሃል» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሲያሳጥረው፣ ሲያሾለው፣ ቃል ሲቀይርለት ኖሯል። ትምህርቱን ገና በልጅነቱ ያቋረጠ ሰው ነው፤ ለዚያች መልስ የደከመውን ያህል ለትምህርቱ ደክሞ ቢሆን የት በደረሰ። የጎደለው ነገር ቀኑ ብቻ ነበር፤ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ሸላቹ አንገቱን በደፋበት፣ መልሱ በልክ እንደ ተሰፋ ኮት የሚገጥምበት ቀን።

ያ ቀን ዛሬ ነው።

ከሸንተረሩ ጫፍ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከግራው አዋላጇ አሉ፤ ከእሳቸው ወዲያ ሸላቹ። አዋላጇ የወል ግጦሹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። የመንደሩን ግማሽ ሰው በእጃቸው ተቀብለው ወደዚህ ዓለም ያስገቡ ስለሆኑ ማንም አይጮህባቸውም፤ የጮኸም እንደሆነ «ስትወለድ ከዚህ ብሰህ ጮኸህ ነበር፤ ያኔም አልደነገጥኩልህም» ይሉታል። ከታች፣ ከድንጋይ በረቱ አፍ ላይ፣ የኮሚቴው አባል የሆነው ባለወፍጮ መዝጊያውን ይዞ ምልክት ይጠብቃል። በረቱ ውስጥ ትናንት አንድ ላይ የገቡ ሁለት መንጋዎች ይርመሰመሳሉ፤ ትከሻቸው ላይ ቀይ ቀለም የተቀቡት የተጠባቂው፣ ወገባቸው ላይ ሰማያዊ የተቀቡት የሸላቹ።

አዋላጇ መሐረባቸውን አውለበለቡ። ባለወፍጮው መዝጊያውን ሳበና ከበጎቹ መንገድ ዘወር አለ።

በዚህ ከፍታ አጥር የሚባል ነገር የለም። ግጦሹ የወል ነው። ሆኖም እያንዳንዱ መንጋ የራሱ ውሎ አለው። እናት በግ ግልገሏን ይዛ ትዞራለች፤ የቱ ጋ ነፋስ እንደማይመታ፣ የቱ ጋ ሳሩ ቶሎ እንደሚያቆጠቁጥ እያስከተለች ታሳያታለች፤ ግልገሏም አድጋ ለራሷ ግልገል እንዲሁ ታደርጋለች። የሰው ድርሻ ይህን ልማድ አለመንካት ነው። ሁለት ቤቶች ስለ አንድ ጥግ የተጣሉ እንደሆነ መጀመሪያ ሰዎቹ ይጮኻሉ፤ ቀጥለው ይምላሉ፤ አዋላጇ መሐላ መስማት ሲሰለቻቸው ነገሩ ወደ በጎቹ ይመራል። ሁለቱ መንጋዎች በአንድ በረት ያድሩና ጠዋት ይለቀቃሉ። የሚነዳ የለም፣ የሚያፏጭ የለም፣ ውሻ የለም። ባለቤቶቹ ከሸንተረሩ ላይ ቁጭ ብለው ከሹክሹክታ በቀር ድምፅ አያሰሙም፤ በግ የለመደችውን ድምፅ ከሰማች ምስክርነቷ ፈረሰ ማለት ነው። ቀትር ላይ መንጋው ተኝቶ ያመሰኳበት ጥግ የዚያ መንጋ ነው። ይግባኝ የለውም።

የተጣሉበት ጥግ ከምንጩ በላይ ያለው ነው፤ ጀርባውን ለነፋስ የሰጠ፣ ሳሩ በበጋ እንኳ የማይደርቅ። ከበታቹ ያለው ረግረግ ብቻ ነው፤ እዚያ የዋለ በግ ሰኮናው ይበሰብሳል። ሸላቹ ያንን ጥግ ካጣ መንጋውን በትኖ ከተማ ካሉት ልጆቹ ደጅ ሄዶ ከመቀመጥ ሌላ ምርጫ የለውም። ይህን ሁሉም ያውቃል። ተጠባቂውም ያውቃል።

ሌላም ነገር ያውቃል። እሱን የሚያውቀው ግን ብቻውን ነው።

የእሱን ጥግ ካቻምና ክረምት ናዳ ወስዶበታል። የቀረው ድንጋይና እሾህ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ጎረቤቱ ዘንድ ሄዶ «ሳሬ እስኪያገግም አስጠጋኝ» ይላል፤ እምቢ የተባለ ሰውም አይታወስም። የእሱ ጎረቤት ግን ማን ሆነና? እዚያ ሰው ደጅ ቆሞ ከሚለማመጥ አፈር ቢበላ ይሻለዋል። ስለዚህ ሌላ አደረገ። በጋውን ሙሉ ጉም በወረደ ቁጥር የተፈጨ ጨው በካፖርቱ ኪስ ይዞ ከምንጩ በላይ ይወጣና ጠፍጣፋዎቹ ድንጋዮች ላይ ይበትናል። ከዚያ በጎቹን ያመጣል። መጀመሪያ ነድቶ ወሰዳቸው፤ በኋላ ራሳቸው ሮጡ። ግልገሎቹም ከእናቶቻቸው ጋር ሮጡ፤ የዘንድሮ ግልገል ሌላ ውሎ መኖሩንም አያውቅም። ጉሙ ሊገፈፍ ሲል መልሶ ይነዳቸዋል። ጉሙ ሲገፈፍ ሸላቹ የሚያየው የራሱን በጎች ብቻ ነው።

ልማዱ ሲጸና ኮሚቴው ፊት ቆመና «በጎቼ ከጥንት ጀምሮ እዚያ ነው የሚውሉት፤ የሚያባርራቸው እሱ ነው» አለ። ሸላቹ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ፊቱ ተለወጠ።

«ዓይንህን በጨው ታጥበህ ነው የመጣኸው?» አለው።

ጨው ሲል ተጠባቂው የካፖርቱን ኪስ ጨበጠ። ሰውየው ግን ሰው ሁሉ የሚለውን አለ እንጂ ሌላ ያወቀው ነገር አልነበረም። ወደ አዋላጇ ዞሮ፣ እጁን አንስቶ፣ በልጆቹ ማለ፤ የዚህ ሰው በጎች አንድ ቀን እንኳ እዚያ ጥግ ሲውሉ አላየሁም አለ። ተጠባቂውም እጁን አንስቶ ማለ። የሸላቹ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የእሱ እጅ ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። ያን ቀን ሰዎች ሁለቱን እጆች እያስተያዩ እርስ በርስ ተያዩ።

ዛሬ ጠዋት ከቤት ሲወጣ ሚስቱ ካፖርቱን አቀበለችው። አጥባው ምድጃ አጠገብ ስታደርቀው የሰነበተች ናት።

«ኪሱን አጠብኩልህ» አለች። «ደርቆ ግግር ብሎ ነበር።»

 እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ገበሩ አሁንም ይረጥባል።

«ጋሼ ትናንት መጥቶ ነበር» አለች ቀጥላ፣ ፊቷን ሳታዞር እሳቱን እያስተካከለች። ወንድሟን ከልጅነቷ ጀምሮ ጋሼ ነው የምትለው። «አንኳኳ፤ ከፈትኩለት። ቆሞ አየኝ፣ አየኝና ለምን እንደመጣ ጠፋው። ተመልሶ ሄደ።»

«የማይረሳ ማን አለ?»

«መቀሱን እኮ ዶሮ ቤት ውስጥ ነው ያገኙት። እሱ ደግሞ ሰው ደብቆብኝ ነው ይላል።»

«አርጅቷላ። እኔ ምን ላድርገው?»

እንጨት ጨመረች። «ያንን ጥግ ጠይቀኸው ቢሆን ይከለክልህ ነበር?»

«እኔ እሱን ልለምን?»

«ጠይቀኸው ነው ያልኩት» አለች።

 ሲወጣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ተቆጥቶ ቢያላትመው ይቀለው ነበር፤ ለመቆጣት የሚሆን ነገር ግን ከወዴት ያምጣ? ሚስቱ የምታውቀውን አውቃ ኪሱን አጥባለታለች። ሌላ ሴት ብትሆን ለወንድሟ ትናገራለች፣ ወይም ባሏን ፊት ለፊት ታዋርደዋለች። እሷ ግን አጠበችው። አቀበቱን ሲወጣ ያ እርጥብ ገበር በእያንዳንዱ እርምጃ ጭኑን ይነካው ነበር።

አሁን በጎቹ ከበረቱ ወጥተዋል። ከጆንያ እንደ ፈሰሰ እህል ተዘርግተው፣ ቀይና ሰማያዊው ተቀላቅሎ ይግጣል። ለጊዜው የትም የሚሄዱ አይመስሉም። ባለወፍጮው እያለከለከ ሸንተረሩን ወጥቶ ከኋላቸው ተቀመጠና፣

«እኔም ብሆን ቁርሴን ሳልበላ አልመሰክርም» ብሎ ተንሾካሾከ።

አዋላጇ በክርናቸው ጎሸሙት።

በዚህ ጊዜ ተጠባቂው በሆዱ አንድ ነገር ሲመኝ ራሱን ያዘው። ወደ ናዳው ሂዱ፣ ይል ነበር። ወደ ድሮው ሂዱ። በጋውን ሙሉ የለፋበት ነገር እንዳይሆን ይማጸን ጀመር። ይሸነፍ፤ ውሸታም ይባል፤ ለአንድ ሰሞን መሳቂያ ይሁን፤ ለመሳቂያነቱማ አዲስ አይደለም። ምኞቱ እውነተኛ ነበር። ግን ደግሞ ተነስቶ «ተዉት፣ ይቅር» ለማለት የሚበቃ አልነበረም። በጎቹ እንዲናገሩለት ፈለገ። ድሮም እሱ መናገር ያቃተውን ነገር ሌላ እንዲናገርለት ነው የሚፈልገው።

ግንባረ ነጯ አሮጊት በግ ቀና አለች። አፏ ውስጥ የቀረውን ሳር አላምጣ ጨረሰች። ፊቷን ወደ ምንጩ አዞረችና መራመድ ጀመረች፤ ቀጥላ ዱብ ዱብ አለች። ቀያዮቹ ትከሻዎች ከመንጋው መሃል አንድ በአንድ እየተለቀሙ ከኋላዋ ተሰለፉ። ግልገሎቹ እየዘለሉ ቀደሟት፤ መንገዱን ከእሷ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።

«ኧረ ሠርግ የተጠሩ ነው የሚመስሉት» አለ ባለወፍጮው።

ሸላቹ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ቆልፎ ያያል። ቢቆልፋቸውም ይንቀጠቀጣሉ። ድሮ እነዚያ እጆች በጓን ሳያስበረግጉ፣ ጠጉሩን እንደ ሸሚዝ አውልቀው በአንድ ቁራጭ የሚያነሱ እጆች ነበሩ። ሰው ሥራውን ትቶ ሊያያቸው ይቆም ነበር። ተጠባቂውም ቆሞ ያይ ነበር፤ ይህን ለማንም አልነገረም።

ሰማያዊዎቹ ዘግይተው ደረሱ። ቁጥራቸው አነስተኛ ነው፤ አብዛኞቹም ያረጁ ናቸው። ጥጉን ሞልቶ ሲያገኙት ዳር ዳሩን ዞሩ። አንዳንዷ አንገቷን በመሃል አስገብታ ድንጋዩን ላስ ላስ አድርጋ ተገፍታ ወጣች። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ታች፣ ወደ ረግረጉ ወረዱ።

ድንጋይ ነበር የሚልሱት። ቀያዮቹ ያንን ሁሉ ለምለም ሳር ትተው፣ የሰሞኑ ዝናብ አጥቦ ባዶ ያስቀረውን ድንጋይ እየተጋፉ ይልሳሉ። አንዱ ሲለቅ ሌላው ይተካል።

«ምንድን ነው የሚልሱት?» አለ ባለወፍጮው። ቀልዱ ከድምፁ ጠፍቷል።

አዋላጇ መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው አዩ። ቆይተው አዩ።

«ድንጋይ» አሉ።

  አዋላጇ ወደ ተጠባቂው ሊዞሩ ነው፤ አንገታቸው ሲንቀሳቀስ በዓይኑ ጠርዝ ይታየዋል። ይዙሩ፣ አለ በልቡ። ይዙሩና ይጠይቁኝ። ከጠየቁኝ እናገራለሁ።

«የዚያ ጥግ ድንጋይ ጨው አለው» አለ ሸላቹ።

አዋላጇ ወደ እሱ ዞሩ።

«የኔዎቹም ይልሱታል። ከበጋ ወዲህ አይቻቸዋለሁ።» ድምፁ ዝግ ያለ ነበር፤ የሚከራከር ሰው ድምፅ አልነበረም። «ከሥሩ የሚወጣ ነገር ይኖራል። እኔማ ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ ስመላለስበት ኖሬ አላስተዋልኩትም ነበር።»

«ካወቅህስ ምነው ዝም አልከን?» አለ ባለወፍጮው። «ከሱቅ ስንገዛ መኖራችን ነው?»

አዋላጇ በአፍንጫቸው ሳቁ። ነገሩ በዚያው አለፈ።

ተጠባቂው ዘንድ ግን አላለፈም። ጠላቱ ቢያጋልጠው፣ አንገቱን ይዞ ሰው ፊት ቢያቆመው ሊችለው የሚችል ነገር ነበር፤ ለዚያ ሲዘጋጅ ነው የኖረው። ሰውየው ግን በገዛ አፉ አዳነው፤ ያውም ማዳኑን ሳያውቅ፣ የሚጎዳው እሱ ራሱ ሆኖ ሳለ፣ ያየውን እንዳየው ተናግሮ። ይህን የመሰለ ነገር የት ይቀመጣል? ቂም እንኳ ማስቀመጫ አለው፤ ሰው ደረቱ ውስጥ ያኖረዋል። ይህ ግን ማስቀመጫ አልነበረውም። መሬቱን አየ። ጫማውን አየ። ጫማው ላይ ካለው ጭቃ ጀምሮ ያለው ነገር ሁሉ የሚያሳፍር መሰለው፤ አቀማመጡ፣ ካፖርቱ፣ ጥርት ብሎ የተላጨው ጢሙ። ጠዋት ለዚህ ቀን ብሎ ተላጭቶ ነው የመጣው።

ፀሐይዋ ከአናታቸው ስትደርስ ግንባረ ነጯ ጉልበቷን አጠፈችና ድንጋዮቹ አጠገብ ተኛች። ሌሎቹም ተከተሏት። ብዙም ሳይቆይ ጥጉ ሁሉ በተኙ በጎች ተሸፈነ፤ መንጋጋቸው ብቻ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። ሰማያዊዎቹ ከታች ረግረጉ ዳር፣ ደረቅ ቦታ እየፈለጉ፣ ገና ቆመው ነበር።

አዋላጇ ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉ።

«እንግዲህ አይታችኋል» አሉ፤ አሁን በሙሉ ድምፃቸው ነው። «ጥጉ የቀያዮቹ ነው። የሚናገር ሰው ካለ እኔ ሳልዘጋው ይናገር። ከዘጋሁት በኋላ የሚመጣ ሰው ምጥ ካልያዘው በቀር በሬን አልከፍትለትም።»

ሸላቹ ራሱን ነቀነቀ፤ የለኝም ማለቱ ነው። አዋላጇ ወደ ተጠባቂው ዞሩ። ባለወፍጮው ትከሻውን መታ አደረገው።

«ተናገር እንጂ ተጠባቂው። ዛሬ ያንተ ቀን ነው።»

መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። እኔን እንኳ በጎቼ ይጠብቁኛል፤ አንተን ግን የገዛ በጎችህም ትተውሃል። ይህን ሁሉ ዘመን የሳላት መልስ፣ ዛሬ አንዲት ቃል ሳይቀየርላት፣ ከታች ረግረጉ ዳር ከቆሙት ሰማያዊ በጎች ጋር ቁልጭ ብላ ገጠመች። ሌላም የሚናገረው ነገር ነበረው፤ ከመልሱ ያጠረ፤ አንድ ቃል። ጨው። ያንን ብሎ ቁጭ ማለት ይችል ነበር። አፉን ከፈተ።

«የለኝም» አለ።

«ተዘጋ» አሉ አዋላጇ፤ ከባለወፍጮው ጋር ቁልቁለቱን ያዙ። ባለወፍጮው በየመሃሉ ድንጋይ ስለሚልስ ሰው አንድ ነገር እያለ ሲያስቃቸው ይሰማል።

ሸላቹ ግን አልወረደም።

«ና» አለው፣ «ጥጉን ላሳይህ።»

«አውቀዋለሁ።»

«በጎቹ ያውቁት ይሆናል። ሰው እንደሚያውቀው ላሳይህ።»

አብረው ሄዱ። ሸላቹ ቀድሞ፣ በትሩን ቦታ እየመረጠ እየተከለ፣ ሳይቸኩል ይሄዳል። ምንጩ አፍ ላይ ሲደርሱ ተንበርክኮ እጁን ውሃው ውስጥ ከተተ፤ ጭቃና የበሰበሰ ቅጠል ዝቆ ወደ ዳር አወጣ። የተንቀጠቀጠው እጅ ውሃው ውስጥ ሲገባ ጸጥ አለ።

«በአካፋ እንዳትነካው» አለ። «አካፋ የነካው ጊዜ ውሃው ይሸሻል፤ ሌላ ቀዳዳ ፈልጎ ከታች ይወጣል። በእጅህ ብቻ። ዝናብ ሲያቆም ሲያቆም ናና አንዴ ዝቀው።»

ተነሣ። ከምንጩ ወዲያ ወዳለው ጥድ ጠቆመ። ከሥሩ በሳር የተሸፈነ ጉድጓድ አለ፤ ግልገል እግሯን የምትሰብረው እዚያ ነው፤ እሱ በየጊዜው ቅርንጫፍ ይከትበታል። በላይ በኩል ያለው ሳር ዘግይቶ ስለሚደርስ መጀመሪያ የታችኛውን ያስግጥ። ከሰሜን የመጣ በረዶ እዚያች ቋጥኝ ጀርባ አይደርስም። ይህን ሁሉ ሲናገር ሰውየው የተሸነፈ አይመስልም ነበር፤ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ለጎረቤቱ ዶሮዎቹን አደራ ሲሰጥ ይመስላል። ተጠባቂው «እሺ» እያለ ይከተለዋል። «እሺ» ከማለት በቀር የቀረለት ነገር የለም። አንድ ቦታ ላይ ሸላቹ «እና ደግሞ እዚያ ያ…» ብሎ ቆመ። እጁ ወደ አንድ ነገር እንደጠቆመ አየር ላይ ቀረ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉ ግን አልመጣለትም። የሚጠቁመው ከወዲያ ያለውን ቁልቋል ይሁን፣ ከእሱ በታች ያለውን ድንጋይ ይሁን፣ ተጠባቂው መለየት አልቻለም። ሸላቹ እጁን ቀስ ብሎ አወረደው።

ጠፍጣፋዎቹ ድንጋዮች አጠገብ ደርሰው ቆሙ። በጎቹ አልተነሡላቸውም፤ ሁለቱንም ለምደዋቸዋል። ሸላቹ በትሩ ላይ ተደግፎ ግንባረ ነጯን አያት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ። «እውነቱን ንገረኝ፤ አልቀየምህም። ጥጉ ያንተ ሆኗል፤ አለቀ፤ እሱን መልስልኝ አልልህም።»

ተጠባቂው ዓይኑን ወደ ድንጋዮቹ መለሰ።

«ኮሚቴው ፊት በልጆቼ ምያለሁ። ያንተ በጎች እዚህ ሲውሉ አላየሁም ብዬ። ስምል ውሸት መስሎኝ አይደለም የማልኩት፤ አላየሁማ። ዛሬ ግን በዓይኔ አየሁ። ቤታቸው ነው። ግልገሎቹ ሳይቀሩ እየዘለሉ ነው የመጡት። በግ ደግሞ አንድ ቀን ተነሥታ እንዲህ አታደርግም፤ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ነገር ይጠፋኛል። እህቴ ነግራህ ይሆናል። መቀሴን ሰው ደበቀብኝ ብዬ ሰው ስወነጅል ከርሜ፣ ለካ እኔው ነኝ። ያ እሺ፤ መቀስ ነው። ይህ ግን የዓመታት ነገር ነው። ይህንን ድንጋይ እንኳ ጨው እንዳለው አላውቅም ነበር እኮ።»

ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን በመዳፉ ዳሰሰው።

«እያየኋቸው ኖሬ ነው የጠፋኝ? ወይስ አይመጡም ነበር? ይህን ብቻ ንገረኝ። እየመጡ ከነበረ፣ ለልጆቼ ልንገራቸውና ይውሰዱኝ፤ እንግዲህ ብቻዬን መኖር የለብኝም ማለት ነው። አንተ ታውቃለህ። ከአንተ በቀር የምጠይቀው ሰው የለም።»

ቀና ብሎ ጠበቀ። ዓይኖቹ ውሃ ያዘሉ፣ ጠርዛቸው የቀላ፣ ግን ቀጥ ብለው የሚያዩ ናቸው። ስድብ የለባቸውም። ምናልባት ኖሮባቸውም አያውቅ ይሆናል። ተጠባቂው ያንን ፊት ሲጠላው የኖረው ሳያየው እንደሆነ አሁን ገባው። ከንፈሩን አላቀቀ።  «አይመጡም ነበር» ማለት ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ያንን ካለ ግን «ታዲያ ዛሬ እንዴት መጡ?» ይባላል። ከዚያ አዋላጇ አሉ፤ ባለወፍጮው አለ፤ በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር የሚሰበሰብ ሰው ሁሉ አለ። ያንን ካላለ ደግሞ ይህ ሽማግሌ ዛሬውኑ ወርዶ ራሱን ለልጆቹ ያስረክባል።

አንዲት ግልገል ተነሥታ እናቷን አሸተተችና መልሳ ተኛች።

ተጠባቂው ዓይኑን ከሰውየው ፊት አነሣ። ዞረ። አንድ እግሩን አነሣ፣ ሌላውን አስከተለ፤ ከራሱ እግር ፈቃድ የሚለምን ይመስል ነበር። በተኙት በጎች መሃል እየተሽሎኮሎከ ወደ ሸንተረሩ አቀና።

«ቀስ ብለህ አስታውስ» አለ ሸላቹ ከኋላው፤ ለማሰብ ዘወር ያለ ነው የመሰለው። «አይቸኩልም። እኔ እዚሁ ነኝ።»

ሳሩ እርጥብ ነበር። ዳገቱ ላይ ሲደርስ እርምጃውን አፈጠነ።